ከሒሳብ ሚዛን ባሻገር፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፍሬ በምን ይለካል?

አንድ ነጋዴ ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡን ይዘጋል፤ ዕቃውን ይቈጥራል፤ ያለውንና ያለበትን አስተያይቶ ትርፍና ኪሣራውን ይለያል። ይህ ሒሳብ ለነጋዴው የሚነግረው የገንዘቡን መጠን ብቻ አይደለም። ደንበኞቹ በዕቃው መደሰታቸውን፣ ዋጋው ለገበያው የተስማማ መሆኑን፣ ሠራተኞቹ በትጋት መሥራታቸውን ጭምር በተዘዋዋሪ ይነግረዋል። ዕቃው የማይረባ ቢሆን ገዢው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ገዢው ሲሄድም ሒሳቡ ወዲያው ያሳብቃል። ስለዚህ በንግድ ዓለም ትርፍ የሚባለው ነገር አጭር ቃል ቢሆንም ብዙ ምስክርነት የተከማቸበት ቃል ነው።

የበጎ አድራጎት ድርጅት መዝገቡን ሲዘጋ የሚያገኘው መልስ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ከለጋሾች ይህን ያህል ብር ገባ፤ ለደመወዝ፣ ለመድኃኒት፣ ለመጻሕፍትና ለነዳጅ ይህን ያህል ወጣ፤ ይህን ያህል ቀሪ ሆነ ይላል። የሒሳብ መርማሪውም መዝገቡን ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ ትክክለኛነቱን በፊርማው ያረጋግጣል። ይሁን እንጂ መርማሪው ያረጋገጠው ገንዘቡ ለተባለው ነገር መዋሉን እንጂ የተባለው ነገር ሰውን መጥቀሙን አይደለም። መዝገቡ አንዲት ሳንቲም ሳትጐድልበት ሥራው ከንቱ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ግልጽ ነው። በንግድ ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ነው። ጫማ የገዛ ሰው ጫማው እግሩን ቢልጠው ዳግመኛ አይገዛም። በበጎ አድራጎት ግን ከፋዩ ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ ነው። ለጋሹ ገንዘቡን ሰጥቶ ይሄዳል፤ የሰጠው ነገር የደረሰበትንም ቦታ ብዙ ጊዜ አያየውም። ተቀባዩ ደግሞ የተሰጠው ነገር ባይስማማው እንኳ ምስጋና እንጂ ቅሬታ አያቀርብም፤ ሌላ የሚሄድበት ሱቅ የለውምና። በመሆኑም በገበያ ዋጋ የሚያደርሰው ወሬ በበጎ አድራጎት ሥራ ውስጥ መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ወሬ በሌላ ዘዴ ፈልጎ ማግኘት የድርጅቱም የለጋሹም ግዴታ ይሆናል።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከምንጊዜውም ይልቅ ቅርብ ሆኗል። የዩናይትድ ስቴትስ የልማት ተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን አቁሟል። ኢትዮጵያም ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች መካከል ከዚህ ድርጅት ከፍተኛ ርዳታ ይቀበሉ ከነበሩት አንዷ ነበረች። የውጭው ምንጭ ሲደርቅ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ፊታቸውን ወደ አገር ውስጥ ባለሀብት ማዞራቸው የማይቀር ነው። የሚጠየቀው ነጋዴም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት የትኛው ማኅበር ፍሬ እንደሚያፈራ መለየት ያስፈልገዋል፤ የተሳሳተ ምርጫ የሚጐዳው የለጋሹን ኪስ ብቻ ሳይሆን ያ ገንዘብ በሌላ ስፍራ ሊያድነው ይችል የነበረውን ሰው ጭምር ነውና።

አምስቱ ደረጃዎች

የበጎ አድራጎት ሥራን የሚመረምሩ ሊቃውንት ነገሩን በአምስት ደረጃ ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው ለሥራው የገባው ገንዘብ፣ ዕቃና ጉልበት ነው። ሁለተኛው የተከናወነው ተግባር ነው። ሦስተኛው ከተግባሩ በቀጥታ የተገኘውና የሚቈጠረው ነገር ነው። አራተኛው በሰዎቹ ኑሮ ላይ የታየው ለውጥ ነው። አምስተኛውና የመጨረሻው ደግሞ ጊዜ አልፎም የሚዘልቀው ፍሬ ነው። ይህን የመሰለውን አከፋፈል በሰንጠረዥ እያደረጉ መሥራት በሰፊው የተለመደው፣ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ለሥራው ከያዘው ወዲህ ነው።

ነገሩ በውኃ ጕድጓድ ምሳሌ ሲታይ ይብራራል። አንድ ማኅበር በአንድ ወረዳ የውኃ ጕድጓድ ለማስቈፈር ተነሣ እንበል። ገንዘቡ፣ መሣሪያውና ባለሙያው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ቍፋሮው ሁለተኛው ነው፤ ተቈፍረው ፓምፕ የተተከለላቸው ጕድጓዶች ሦስተኛው ናቸው። ብዙ ማኅበራት ዘገባቸውን የሚያበቁት እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሪባን ይቈረጣል፤ የጕድጓዶቹም ቍጥር በትልቁ ይጻፋል። ዳሩ ግን ጕድጓድ የተቈፈረው ለጕድጓድነቱ አይደለም። ሴቶችና ልጆች ውኃ ፍለጋ የሚባክኑበት ሰዓት ማጠሩ፣ ሕፃናትን የሚያጠቃው ተቅማጥ መቀነሱ አራተኛው ደረጃ ነው። ፓምፑ ከዓመታት በኋላም እየሠራ፣ ሲሰበርም የሚጠግነው የመንደር ሰውና የመለዋወጫ መግዣ ገንዘብ ተገኝቶ ለውጡ ሳይቋረጥ መዝለቁ አምስተኛው ነው።

በሦስተኛውና በአምስተኛው ደረጃ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። የገጠር ውኃ አቅርቦትን የሚከታተል አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሰባሰበው መረጃ መሠረት፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በጊዜው የማይሠሩ ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ፓምፖች በተተከሉበት ዓመት በየማኅበሩ ዘገባ ውስጥ የተሳካ ሥራ ተብለው ተቈጥረዋል። የሒሳብ መርማሪውም በወቅቱ ስሕተት አላገኘባቸውም። የተሳሳተው ሒሳቡ ሳይሆን ጥያቄው ነበር።

ከመቶ ስንት ለአስተዳደር?

ለጋሾች ዘወትር የሚጠይቁት ጥያቄ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ስንቱ ለአስተዳደር፣ ስንቱ ለችግረኛው እንደሚውል ነው። ይህ ጥያቄ በሕግም ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን ለመመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ይህን አዋጅ የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወሰኑን ወደ 20 በመቶ አውርዶታል፤ ነገር ግን የአስተዳደር ወጪ የሚባለውን ትርጉም ከድርጅቱ ፕሮጀክት ጋር ወዳልተያያዘው ወጪ አጥብቦታል።

የትርጉሙ መጥበብ ትንሽ ነገር አይደለም። በቀድሞው አዋጅ ዘመን በአፈጻጸም መመሪያው ላይ ከቀረቡት ቅሬታዎች አንዱ፣ ሥራን ለመከታተልና ውጤቱን ለመገምገም የሚወጣው ገንዘብ በአስተዳደር ወጪነት ይቈጠራል የሚል ነበር። የዚህም መዘዙ ግልጽ ነው። ፍሬውን ለመለካት የሚሻ ድርጅት አባካኝ መስሎ ሲታይ፣ ሳይለካ የሚያድር ድርጅት ቈጣቢ መስሎ ይታያል።

በእርግጥ የመቶኛው ወሰን ጥቅም አለው። በሕንፃና በመኪና ላይ የሚባክነውን፣ ለዘመድ የሚከፈለውን ደመወዝ ይገታል። ሆኖም ወሰኑ ሌባን ለመያዝ እንጂ ጐበዝን ለመለየት የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ሁለት ማኅበራት ለገበሬዎች ዘር ያድላሉ እንበል። አንደኛው ለአስተዳደር 8 በመቶ ብቻ ያወጣል፤ ነገር ግን የአካባቢውን አፈር የሚያውቅ ባለሙያ ስላልቀጠረ ያደለው ዘር አይበቅልም። ሁለተኛው 18 በመቶ ያወጣል፤ ባለሙያው ግን ዘሩን ከአፈሩ አስማምቶ በወቅቱ ያደርሰዋል። በመቶኛ ሲታይ የመጀመሪያው ይበልጣል፤ በአውድማ ላይ ሲታይ ግን የሁለተኛው ክምር ብቻ ነው የሚታየው። ጥበበኛ ነጋዴ የመጋዘን ዘበኛውን ደመወዝ በመቀነሱ ብቻ አተረፍኩ እንደማይል ሁሉ፣ ለጋሽም በአስተዳደር ወጪ ማነስ ብቻ መርካት አይገባውም።

ደንበኛው ሲጠፋ የሚደሰት ሆስፒታል

ከገንዘብ ውጪ ያለው ፍሬ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት የአዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታል ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካተሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። የመጡትም አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ነበር። በዚያም ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ የሽንታቸው ከረጢት ተቀድዶ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስሳቸውን ሴቶች አገኙ። እነዚህ ሴቶች ከባላቸውና ከመንደራቸው ተለይተው በብቸኝነት የሚኖሩ ነበሩ። ባልና ሚስቱ ሕክምናውን እያሻሻሉ ቈይተው እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ ሕመም ብቻ የሚያገለግለውን ሆስፒታል አቋቋሙ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ60,000 በላይ ሴቶች ያለ ክፍያ ታክመዋል፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፍተዋል።

የዚህ ሆስፒታል ፍሬ በምን ይለካል? በመጀመሪያ የሚመጣው መልስ በታካሚዎቹ ብዛት የሚል ነው። ይህ ግን ሦስተኛው ደረጃ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቀዳዳው ከተሰፋ በኋላ መግጠሙ ነው። ይሁንና ቀዳዳው ገጥሞላቸውም ሽንታቸውን መቋጠር የሚያቅታቸው ሴቶች አሉ። ለቀዶ ሐኪሙ ሥራው ተሳክቷል፤ ልብሷ ዳግመኛ ለሚርስባት ሴት ግን አልተሳካም። ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ ስፌቱ ሳይሆን መድረቋ ነው። ከዚያም አልፎ ወደ መንደሯ ተመልሳ ከሰው ጋር ቡና መጠጣቷ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄዷ፣ ሠርታ መብላቷ ነው። ሆስፒታሉ ጕዳታቸው ፈጽሞ ሊድን ላልቻለ ሴቶች ደስታ መንደር የተባለውን መኖሪያ መመሥረቱ፣ ሥራውን በቀዶ ሕክምናው ቍጥር ብቻ አለመለካቱን ያስረዳል።

አምስተኛው ደረጃ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ የጸናባት ሴት በጊዜው የሚረዳት ባለሙያ ስታጣ በመሆኑ፣ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፈተ። የሚሠለጥኑት አዋላጆች ወደየገጠሩ ሄደው ሕመሙ እንዳይደርስ እንዲከላከሉ ነው። እዚህ ላይ የበጎ አድራጎት ሥራ ከንግድ የሚለይበት ነጥብ ጐልቶ ይታያል። ነጋዴ ደንበኛው ሲበዛ ይደሰታል፤ ይህ ሆስፒታል ግን ሥራው ፈጽሞ የሚሠምረው ደንበኛው ሲጠፋ ነው። አልጋው ባዶ የሆነበትን ዓመት በገቢና ወጪ መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው ሥራው ቀዘቀዘ ይላል፤ ነገሩን የሚያውቅ ግን ዓላማው ደረሰ ይላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ያህል የነበሩት እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህን ታላቅ ለውጥ አንድ ድርጅት የእኔ ሥራ ነው ሊል አይችልም። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መንገድና ትምህርት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ቅን ድርጅት የጋራውን ፍሬ በስሙ ብቻ አያስመዘግብም፤ ያዋጣውን ለይቶ ያሳያል።

ድርጅቱ ባይኖር ኖሮስ?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ለውጥ መጥቷል ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለውጡ ያለ ድርጅቱ ሥራ ይመጣ ነበር ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዝናብ በዘነበበት ዓመት ማዳበሪያ ያደለ ማኅበር የአዝመራውን ማማር ከማዳበሪያው ይቈጥረዋል። ይህን ለመለየት የሚቻለው ርዳታው የደረሳቸውን ሰዎች ካልደረሳቸውና በሌላው ነገር ሁሉ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር በማነጻጸር ነው።

በአማራ ክልል የተካሄደው ብርሃነ ሔዋን የተባለ ሥራ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ድረስ ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ የተፈተነ ሲሆን፣ ዓላማው ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ መከላከል ነበር። ልጃገረዶቹ በዕድሜ በሚበልጧቸው ሴቶች መሪነት በቡድን እየተሰበሰቡ ይማሩ ነበር፤ ለትምህርት ቤት የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ይሰጣቸው ነበር፤ የአገሩ ሽማግሌዎችና ወላጆችም ስለ ጋብቻ ጕዳይ እንዲወያዩ ይደረግ ነበር። ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሳትዳር ከቈየችም ለእርሷና ለቤተሰቧ የምትረባ እንስሳ በጋራ ትሰጣቸው ነበር።

አጥኚዎቹ ሥራው ሳይጀመርና ካለቀ በኋላ በሞሰቦና ሥራው ባልደረሰባት በሌላ ተመሳሳይ ቀበሌ ያሉትን ልጃገረዶች ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ከሌላዋ ቀበሌ ልጆች አንድ ዐሥረኛ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ይህ እጅግ የሚያስደስት ውጤት ነው። ሆኖም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑት የሞሰቦ ልጃገረዶች ሥራው ሲያልቅ ያገቡ የመሆናቸው ዕድል ከሌላዋ ቀበሌ ልጆች ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ሊገመት የሚቻለው ብዙ ቤተሰቦች ጋብቻውን ሕጉ እስከሚፈቅደው እስከ 18 ዓመት ሳይሆን ሕፃንነቱ እስከሚያልፍ ድረስ ብቻ ማዘግየታቸው ነው።

አጥኚዎቹ ይህን ሁለተኛውን ውጤት አልሸሸጉም። ገንዘቡን ብቻ የሚያሳየው መዝገብ ግን የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ባልነገረ ነበር። የተሰጡትን እንስሳትና ደብተሮች ብቻ የቈጠረ ዘገባ ሁሉም ነገር አምሮ ሠመረ ብሎ ያበቃ ነበር። በመለካቱ ግን ሥራው ለማን እንደጠቀመ፣ ለማን ደግሞ ገና እንደሚቀረው ታወቀ። ቀጥሎ ለሚመጣው ሥራም የተሻለ መንገድ ጠቈመ።

የልማድ አነጋገር በሚዛን ላይ

መለኪያ የማኅበራትን ዘገባ ብቻ ሳይሆን የለጋሾችንም አስተሳሰብ ይፈትናል። በነጻ የተሰጠ ነገር አይከበርም የሚለው አነጋገር በነጋዴዎች ዘንድ የተወደደ ነው። ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ፣ ይህን አነጋገር በምዕራብ ኬንያ ፈተኑት። ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚሰጠው የወባ መከላከያ አጎበር በአንዳንዱ ጤና ጣቢያ በነጻ፣ በሌላው በተለያየ ዋጋ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ዋጋውም በዕጣ ተመደበ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ዋጋው ከነጻ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል አጎበር የሚወስዱት ሴቶች ቍጥር ከመቶ 60 ነጥብ ያህል አሽቆለቆለ። ከፍለው የወሰዱት ሴቶችም በነጻ ከወሰዱት ይልቅ አጎበሩን አብዝተው ሲጠቀሙበት አልተገኙም። ይህ ማለት ዋጋ መጠየቅ በማናቸውም ስፍራ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እውነት መስሎ ለዘመናት የኖረ አባባል በሚዛን ላይ ሲወጣ ሊቀልል እንደሚችል ያስረዳል።

ሌላው ምሳሌ ከፍተኛ ድኅነት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚመለከት ነው። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ዘዴ ጀመረ። ለቤተሰቡ የሚረቡ እንስሳትን ወይም የመነገጃ ዕቃ መስጠት፣ ለጥቂት ጊዜ የዕለት ምግቡን መደገፍ፣ ማሠልጠን፣ ማስቈጠብና በየጊዜው እየጐበኙ ማበረታታት ነበር። ይኸው ዘዴ በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ በዕጣ እየተከፈለ ተፈተነ፤ የኢትዮጵያው ፈተና የተካሄደው በትግራይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን የያዘ ሲሆን፣ ርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም በጥቅሉ የቤተሰቦቹ ፍጆታና ንብረት ከሌሎቹ በልጦ መገኘቱን አሳየ። በሆንዱራስ ግን ብዙ ቤተሰቦች የመረጧቸው ዶሮዎች በበሽታ አለቁና ትርፉ አልዘለቀም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው ፍሬ የሚለካው ርዳታው በቆመ ማግስት ሳይሆን ጊዜ ሲያልፍ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም በአንዱ አገር የሠመረው ሥራ በሌላው እንደሚሠምር አስቀድሞ መማል የማይቻል መሆኑ ነው።

እድር ያወቀው ምስጢር

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ አዲስ ጥበብ መስሎ የሚታየው ካለ የሰፈሩን እድር ያስተውል። እድር በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አለው፤ ሒሳቡንም በጉባኤ ያስመረምራል። ነገር ግን የእድር አባል ሐዘን በደረሰበት ጊዜ እድሩን የሚመዝነው በሣጥኑ ውስጥ ባለው ብር ብቻ አይደለም። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ ወይ? ወንበሩና ድስቱ ደረሰ ወይ? አባላቱ ቀብር ወጡ ወይ? ሐዘንተኛውን ብቻውን ሳይተዉ አስተዛዘኑት ወይ? ብሎ ነው። ብዙ እድሮች ስም እየጠሩ የቀረውን አባል የሚቀጡት ስለዚህ ነው። መዋጮውን ሳያጓድል የሚከፍል፣ ነገር ግን ለቀብር የማይመጣ አባል በእድር ሕግ ጥፋተኛ ነው።

ስለዚህ እድር ገንዘብንና የሰውን መገኘት ለየብቻ መዝግቦ መያዝን ያውቅበታል። ከዚህም በላይ በእድር ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው በመሆኑ ቅሬታው በጉባኤው ላይ ያለ ፍርሃት ይነገራል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከእድር ሊማሩት የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው። ርዳታ የሚቀበለው ሰው በጉባኤ ተቀምጦ ይህ ጠቅሞኛል፣ ይህ አልጠቀመኝም የሚልበትን ስፍራ ማዘጋጀትና የተናገረውም ሰው በመናገሩ ርዳታው እንደማይቋረጥበት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የሚዛን አደጋ

መለካት መልካም ቢሆንም ሚዛኑ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። አንድ ቍጥር ለሽልማትና ለገንዘብ መስጫ ምክንያት ከሆነ ሰዎች ሥራውን ትተው ቍጥሩን ማሳደግ ይጀምራሉ። የእንግሊዝ ባንክ አማካሪ የነበሩት ቻርልስ ጉድኸርት እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ጠባይ በገንዘብ ፖሊሲ ረገድ ያመለከቱ ሲሆን፣ በበጎ አድራጎትም ያው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ሆስፒታል በዳኑት ሴቶች መቶኛ ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ መቶኛውን ከፍ ለማድረግ ቀላሉ መንገድ ጕዳታቸው የከፋውን ሴቶች ከበር መመለስ በሆነ ነበር። ቍጥሩ ያምራል፤ ግን ከሁሉ ይበልጥ ርዳታ የሚያሻት ሴት በመንገድ ትቀራለች። እንዲሁም በተመዘገቡት ተማሪዎች ቍጥር የሚመዘን ትምህርት ቤት ስም በመጻፍ ይተጋል፤ ማንበብ መቻላቸውን ግን ይረሳል።

ሁለተኛው አደጋ ወጪው ነው። በዕጣ የሚደረግ ትልቅ ጥናት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። አምስት ሠራተኛ ያለው የሰፈር ማኅበር ይህን ያድርግ ማለት ሚዛን ለመግዛት እህሉን መሸጥ ነው። ትንሽ ማኅበር በሌላ ስፍራ በጥሩ ጥናት የተረጋገጠውን ዘዴ ቢከተልና ዘዴውን በሚገባ መፈጸሙን ቢቈጣጠር ይበቃዋል። ሦስተኛው አደጋ የማይቈጠረውን እንደሌለ መቍጠር ነው። ልጆቹ የሞቱባቸው አረጋዊ በመጠለያ ውስጥ በክብር አርፈው ሲቀበሩ ምን ትርፍ ተገኘ ተብሎ በአኃዝ ሊጻፍ አይችልም። ቢሆንም ንጹሕ አልጋ፣ ትኩስ ምግብና በስማቸው የሚጠራቸው ሰው መኖሩን ሄዶ በዓይን ማየት ይቻላል። የማይቈጠር ነገር ሁሉ የማይታይ አይደለም።

ለጋሹ ነጋዴ ሊጠይቀው የሚገባ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ርዳታ የተጠየቀ ነጋዴ ከሒሳብ መግለጫው ጋር አብሮ ሊያቀርባቸው የሚገባ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ድርጅቱ በሰው ኑሮ ላይ ሊያመጣ ያሰበው ለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለውጡ መምጣቱን በምን ምልክት ያውቃል፤ ሥራው ሳይጀመር የነበረውን ሁኔታስ መዝግቦ ይዟል ወይ? ሦስተኛ፣ ርዳታው ካቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ አይቷል ወይ? አራተኛ፣ ርዳታውን የተቀበሉት ሰዎች ምን ይላሉ፤ ማንስ ጠየቃቸው? አምስተኛ፣ ባለፈው ዓመት ያልተሳካው ምንድን ነው፤ በዚያስ ምክንያት ምን ተለወጠ?

ከአምስቱ ይልቅ ብዙ የሚገልጠው የመጨረሻው ነው። ምንም ያልተሳካ ነገር የለም የሚል ድርጅት ወይም አልለካም ወይም አልተናገረም። ስሕተቱን ቈጥሮ የሚያቀርብ ድርጅት ግን ኪሣራውን በመዝገቡ ላይ በቀይ ቀለም እንደሚጽፍ ታማኝ ነጋዴ ሊታመን ይገባዋል። ለጋሹም በበኩሉ ግዴታ አለበት። እውነቱን የነገረውን ድርጅት ስለ ጕድለቱ በመቅጣት ፈንታ ጕድለቱን እንዲያርም ቢረዳው፣ ለመለኪያ የሚወጣውንም ጥቂት ገንዘብ እንደ ብክነት ባይቈጥረው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀርብለት ዘገባ የበለጠ እውነት ይኖረዋል።

የሒሳብ ሚዛን የተሰጠው ገንዘብ አለመጥፋቱን ይመሰክራል። ይህም አስፈላጊ ነው፤ ያለዚያ ሌላው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ነገር ግን ለበጎ ሥራ የተሰጠ ብር አለመጥፋቱ ብቻውን ምስጋና አያሰጥም። መቀሌ ላይ ታክማ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ሴት፣ ሞሰቦ ላይ ከጋብቻ ተርፋ ደብተሯን የያዘችው ልጅ፣ በገጠር መንደር ከዓመታት በኋላም ውኃ የሚያፈልቀው ፓምፕ፣ እነዚህ ናቸው የመጨረሻው ድምር።